ሽምብራውና ሲኒው፦ በደሴ ለዳንቴል ሠሪዎች የተሠራ አፕ የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን እንደጻፍኩት

በ2016 ዓ.ም ክረምት ደሴ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ለዳንቴልና ለሹራብ ሠሪዎች የሚሆን የስልክ አፕ መሥራት ጀመሩ። አንዷ በሶፍትዌር ምህንድስና የተመረቀች የደሴ ልጅ ናት። ሌላው የክፍል ጓደኛዋ የነበረ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። እኔ የምተዳደረው የጀማሪ ፕሮግራመሮችን ሥራ አብሬ እየፈተሽኩ አስተያየት በመስጠት ነው። ወደ እነሱ የሄድኩት የመጀመሪያው አፕ ተሠርቶ ካለቀ፣ የሚከፍተው ሰው ግን ከጠፋ በኋላ ነበር።

የሰዎቹን ስም አልጽፍም። ጉዳዩ እንዲጻፍ ግን ሁሉም ፈቅደዋል፤ የልጅቷ እናት እንዲያውም «ሌላው ሰው እኛ በደከምንበት እንዳይደክም ጻፈው» ብለውኛል። ስለ አፕ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ ስለ ምረቃውና ስለ ሽልማቱ እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ስልኩን የያዘችው ሴት ምን እንዳጋጠማት የሚጽፍ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ሥራ የተማርኩት በሙሉ የመጣው ከእሷ ነው።

መነሻው

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው የሚደርሱባት፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ከተማ ስትሆን ከፍታዋ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለሚል ትሞቃለች። በእጅ ሥራውም ልዩነቱ ይታያል። አብረውን ከሠሩት 17 ሴቶች መካከል 11ዱ የደሴ ናቸው፤ ብዙዎቹ በክረምት የሱፍ ክር ይዘው ሹራብ፣ ኮፍያና የሕፃን ካልሲ ይሠራሉ። 6ቱ የኮምቦልቻ ሴቶች የሚወዱት ቀጭን የጥጥ ክርና ዳንቴል ነው። ከእነዚህ ሦስቱ በ2009 ዓ.ም በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ልብስ ይሰፋሉ። ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሲሰፉ ውለው ማታ ቤታቸው ገብተው ለራሳቸው ኪሮሽ (የዳንቴል መሥሪያ ባለ ቆልማማ ጫፍ መርፌ) ያነሳሉ። አንደኛዋን «አይሰለችሽም ወይ?» ብላት «ይሄኛው የእኔ ነው» አለችኝ።

ከ17ቱ ለመሸጥ የሚሠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። የሌሎቹ ዳንቴል ለሶፋ ልብስ፣ ለጠረጴዛ፣ ለሠርግ ስጦታ፣ ለአራስ ጥየቃ ነው። ይህን ቁጥር ከመነሻው ብናውቀው ኖሮ የመጀመሪያው አፕ በዚያ መልክ አይሠራም ነበር።

የመጀመሪያው አፕ

ልጆቹ አራት ወር ደክመው የሠሩት አፕ ብዙ ነገር ነበረው። በስልክ ቁጥር ያስመዘግባል። ሥራ ፎቶ አንስቶ የሚለጠፍበት ገበያ አለው፤ ክፍያውን ከቴሌብር ጋር የማገናኘት ዕቅድም ነበር። የማስተማሪያ ቪዲዮ፣ መወያያ ክፍልና የናሙና ማኅደር ተካቶበታል። የተጻፈው ፍላተር በሚባል የአፕ መሥሪያ ሲሆን መጠኑ 70 ሜጋባይት ደርሶ ነበር። በቴሌግራምና ዜንደር በሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ በ17ቱም ስልክ ላይ ተጫነ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲታይ ባለፈው ሳምንት የከፈቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ የልጅቷ እናት ነበሩ።

የገረመን ግን ይህ ሳይሆን ሴቶቹ ስለ አፑ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ነው። ልጆቹ በወረቀት ጥያቄ አዘጋጅተው አስሞልተው ነበር፤ ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው» ብለዋል። «ማሻላህ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይውጣልን»፣ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» የሚል ምርቃት በምርቃት ነበር ወረቀቱ። እኔም ወሎ ስላደግሁ ይህን አውቀዋለሁ። የጎረቤት ልጅ ደክማ ያመጣችውን ነገር ፊት ለፊት «አይረባም» የሚል ሰው ሰፈራችን ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገን፣ ስለ አፑ አንዲት ቃል ሳንተነፍስ ሴቶቹ ሲሠሩ ለማየት ተስማማን።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ታኅሣሥ 2017

መጀመሪያ የሄድነው ሆጤ ሰፈር፣ የልጅቷ እናት ቤት ነው። ቡናው ቀርቦ አቦሉ ተቀድቷል። እናትየው ክብ የጠረጴዛ ልብስ ይዘዋል። ኪሮሹ በቀኝ እጃቸው ነው፤ ክሩ በግራ አመልካች ጣታቸው ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል። ከጎናቸው በርጩማ ላይ ሁለት አሮጌ ሲኒዎች አሉ። በአንዱ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ ሽምብራ አለ፤ በሌላው አሥር ወይም አሥራ አንድ ፍሬ።

ስልካቸው ጠራ። ከማንሳታቸው በፊት ከሹራባቸው ደረት ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅለው የደረሱበት ቦታ ላይ ሰኩ። አወሩ፣ ዘጉ፣ ቡና ጨመሩልን፣ ጎረቤት ገባች፣ «ጀባ!» ተባለ፣ እንደገና ተቀመጡ። መርፌ ቁልፏን ፈልገው ከዚያው ቀጠሉ። ዙሩን ሲጨርሱ አንድ ሽምብራ ከአንዱ ሲኒ ወደ ሌላው አሻገሩ።

«እትዬ፣ ሽምብራው ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ዙሬ ነዋ! አንድ ዙር ስጨርስ አንድ አሻግራለሁ። ካልያዝኩት ይጠፋኛል። ባለፈው የልጅ ልጄ አራቷን በላብኝ፤ ሳላውቅ ቀጥዬ ሦስት ማታ የሠራሁትን ፈታሁት።»

ልጅቷ እዚያው ነበረች። እናቷ ሃያ ዓመት በሽምብራ ሲቆጥሩ አይታለች፤ አራት ወር አፕ ስትጽፍ ግን ይህ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላላትም።

አራት ሽምብራ ለምን የሦስት ማታ ሥራ እንደሚያስፈታ መረዳት ያስፈልጋል። ክብ ሥራ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ በየዙሩ የሚጨመረው ዓይን፣ ማለትም በኪሮሽ የሚሠራው እያንዳንዱ ስፌት፣ ልክ ሊኖረው ይገባል። በአጭሩ ዓይን ከተሠራ በየዙሩ 6፣ በረጅሙ ዓይን ከተሠራ 12 ይጨመራል። በረጅሙ ከሆነ መጀመሪያው ዙር 12፣ ሁለተኛው 24፣ ዘጠነኛው 108 ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ካነሰ ሥራው እንደ ቆብ ይጎደጉዳል፤ ከበዛ ጠርዙ ይሸበሸባል። በስንት ዓይን ልዩነት እንደሚጨመር የሚወስነው የዙሩ ቁጥር ስለሆነ፣ ዙር የተሳሳተባት ሴት ስሕተቷን ወዲያው አታየውም። ከጥቂት ዙር በኋላ ጠርዙ ሲነሳ ነው የሚታያት። ያን ጊዜ መፍታት ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም።

በዚያ ሳምንት አምስት ቤት አየን። አንዷ ክብሪት ትደረድራለች። አንዷ በደብተር ጥግ ላይ መስመር ታሰምራለች፤ አንዷ ደግሞ ክሩ ላይ ቋጠሮ ታስራለች። የኮምቦልቻዋ የፈረቃ ሠራተኛ ምንም አትይዝም፤ በተቋረጠች ቁጥር ከመሃል ጀምራ እንደገና ትቆጥራለች። የሁሉም ችግር አንድ ነበር፤ ስልክ፣ ልጅ፣ ቡና፣ እንግዳ እየመጣ ሥራው ይቋረጣል፣ ሲመለሱ ቁጥሩ የለም።

እንደገና የተሠራው

የአራት ወር ሥራን ወደ ጎን ማስቀመጥ ቀላል አይደለም። ልጅቷ ሁለት ቀን ስልክ አላነሳችልኝም ነበር፤ አልፈረድኩባትም። በሦስተኛው ቀን ራሷ ደውላ «አንድ ገጽ ብቻ ይዤ ልጀምር» አለች።

አዲሱ አፕ የእናቷን ሲኒ ይመስላል። ገጹ በሙሉ አንድ ቁልፍ ነው፤ የትም ቦታ ሲነካ ዙሩ በአንድ ይጨምራል። ቁጥሩ ከክንድ ርቀት ያለ መነጽር ይነበባል። ከሥሩ በትንሹ በዚያ ዙር ስንት ዓይን መኖር እንዳለበት ይጽፋል፤ «ዙር 9 — 108» እንደ ማለት። በስሕተት ሲነካ ለመመለስ ጣትን ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ መያዝ ይበቃል። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሥራ ስለሚይዙ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ፎቶና ስም አለው። ምዝገባ የለም፣ ዳታም አይፈልግም። ቪዲዮው ስለወጣና ፋይሉ እንደ ስልኩ ዓይነት ተለይቶ ስለተዘጋጀ መጠኑ ከ70 ሜጋባይት ወደ 9 ወረደ።

ከሁሉ በላይ የተወደደው በኋላ የተጨመረው ነገር ነው። ሁለቱም እጅ ክርና ኪሮሽ ይዞ ስክሪን መንካት አይመችም። የኮምቦልቻው ልጅ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ዙር እንዲቆጥር አደረገው። ስልኩ ጭን ላይ ተቀምጦ በትንሿ ጣት ጫን ማድረግ ነው። ለዚህ ስክሪኑ ሳይጠፋ መቆየት ስላለበት ባትሪ ይበላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ሁለት ሴቶች አጥፍተውታል። የቀሩት ግን አልተውትም።

አንድ ሐሳብ ደግሞ ወዲያው ወደቀ። ልጆቹ ዙሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ዓይን ለማስቆጠር ሞከሩ። አንድ ዙር 108 ዓይን ካለው 108 ጊዜ መንካት ነው፤ ሁለተኛ ቀን የደረሰች ሴት የለችም። እናትየው «ለእሱማ መርፌ ቁልፍ አለኝ» አሉ፤ ልክ ነበሩ። በዙሩ ውስጥ የደረሱበትን ቦታ መርፌ ቁልፍ ከማንም በተሻለ ይይዘዋል፤ አፑ ያንን ቦታ ለመውሰድ መሞከሩ ትክክል አልነበረም።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከባድ ስሕተት ወጣ። አፑ ቁጥሩን የሚመዘግበው ሲዘጋ ነበር። አንድሮይድ ደግሞ የስልኩ ሜሞሪ ሲያጥረው ከጀርባ የተቀመጠን አፕ ሳይጠይቅ ይዘጋል፤ ርካሽ ስልክ ላይ ጥሪ ሲመጣ ይህ በቀላሉ ይሆናል። አንዲት የኮምቦልቻ ሴት 14 ዙር ጠፋባት። «ሽምብራ እንኳ ስልክ ሲጠራ አይጠፋም» ብላ መለሰችልን። ከዚያ ጀምሮ ጣት በነካ ቁጥር ቁጥሩ እዚያው ስልኩ ላይ ኤስኪውላይት በሚባል የመረጃ ማኅደር ውስጥ ይጻፋል። ማስተካከያው ግማሽ ቀን አልፈጀም፤ ሴትየዋን መልሶ ለማሳመን ግን ሦስት ሳምንት ወስዷል።

ስሙ የማይገናኘው ዓይን

የመጀመሪያው አፕ ናሙናዎች ከእንግሊዝኛ ተተርጉመው የገቡ ነበሩ። እዚህ ላይ ማንም ያላሰበው ወጥመድ ነበር። አሜሪካኖችና እንግሊዞች ለኪሮሽ ዓይኖች የሚጠቀሙት ቃል ተመሳሳይ ሆኖ ትርጉሙ ይለያያል፤ አሜሪካዊ ናሙና «ድርብ» የሚለው ዓይን በእንግሊዞቹ «ሦስት እጥፍ» ይባላል፣ እንግሊዞቹ «ድርብ» የሚሉት ደግሞ በአሜሪካኖቹ «ነጠላ» ነው። ልጆቹ ሁለቱን ቀላቅለው ተርጉመዋል። አንዲት የደሴ ሳላይሽ ሰፈር ሴት በዚያ ናሙና የሕፃን ኮፍያ ጀምራ ቁመቱ እጥፍ ሆኖ ወጣባት፤ ጥፋቱ የራሷ መስሏት ለማንም ሳትናገር ፈታችው። ይህን ስሰማ በጣም አዘንኩ።

በአማርኛውም ቢሆን ስምምነት አልነበረም። አንዷ «ዓይን» የምትለውን ሌላዋ «ቋጠሮ» ትለዋለች፤ ሦስተኛዋ ስም ሳትሰጠው በእጇ ታሳይሃለች። አንድ ቃል መርጦ ሁሉም ላይ መጫን አልሠራም። የሠራው በዓለም ዙሪያ ለኪሮሽ የሚሥሉት ምልክት ነው። የሰንሰለቱ ምልክት ትንሽ ሞላላ ክብ ናት፣ የአጭሩ ዓይን ኤክስ የመሰለ መስቀል፣ የረጅሙ ዓይን ደግሞ ቲ የመሰለ ቋሚ ሆኖ መሃሉ ላይ አንድ ሰረዝ አለው። አፑ ምልክቱን ያሳያል፤ ስሙን ተጠቃሚዋ ራሷ ትጽፋለች። እናትየው ምልክቱን ያለማንም አስተማሪ በአንድ ማታ ለመዱት፤ ምልክቱ ዓይኑን ራሱን ስለሚመስል።

የፍለጋው ነገር አጭር ነው፤ አማርኛ አፕ የሚሠራ ሁሉ ግን ይገጥመዋል። አንዷ ሥራዋን «የሠርግ ሥራ» ብላ መዝግባ በኋላ «የሰርግ ስራ» ብላ ስትፈልግ አላገኘችውም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከመፈለጉ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ወገን የሚያመጣ ትንሽ ሰንጠረዥ ተጻፈና ችግሩ ተፈታ።

ያልሠራው

መጋቢት 2017 ላይ የደረሰው ከሁሉም ይከብዳል። ሁለቱ ልጆች በየላፕቶፓቸው እየሠሩ፣ የተዘጋጀውን ፋይል እንደተመቻቸው አንድ ጊዜ ከደሴ አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ ያሠራጩ ነበር። እያንዳንዱ የአንድሮይድ አፕ ሲዘጋጅ የሠሪውን ማንነት በሚያረጋግጥ የምሥጢር ፋይል፣ «ቁልፍ» በሚባለው፣ ይፈረማል። ለሙከራ የሚሆነውን ቁልፍ እያንዳንዱ ላፕቶፕ የራሱን ይፈጥራል። አንድሮይድ ደግሞ ፊርማው የተለየ አዲስ ስሪት በአሮጌው ላይ አይጭንም። ሴቶቹ «አልተጫነም» የሚል መልእክት አዩ፤ አንዲት የኮምቦልቻ ሴት የምታውቀውን አደረገች፣ አሮጌውን አጥፍታ አዲሱን ጫነች። አምስት ሥራ ከነፎቶው ጠፋ።

ልጆቹ ይቅርታ በስልክ አልጠየቁም። ቅዳሜ ዕለት ሦስታችንም ቤቷ ሄድን። ያልተጨረሱትን አምስት ሥራዎች አልጋ ላይ ዘርግታ ዙሩን አንድ በአንድ ከመሃል ወደ ዳር አብረን ቆጠርን፤ ልጁ እየቆጠረ ልጅቷ እየመዘገበች እስከ ማታ ቆየን። ከዚያ ወዲህ የሚሠራጨው ፋይል የሚፈረመው በአንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ቁልፉ በሁለት ፍላሽ ተቀምጧል፤ አንዱ በእናትየው ሣጥን ውስጥ ነው። አፑም መዝገቡን በሙሉ በአንድ ፋይል ያወጣል፤ ሴቶቹ በቴሌግራም ለራሳቸው ልከው ያስቀምጡታል።

የናሙና መጋራቱም አልሆነም። ልጆቹ ሴቶቹ የራሳቸውን ናሙና ለሁሉም ያካፍላሉ ብለው ነበር። አንዷ በግልጽ «እኔ ያወጣሁትን አገር ሁሉ ከሠራው የኔ ምኑ ላይ ነው?» አለች። ለጎረቤቷ ግን ቁጭ ብላ ታስተምራለች። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ማካፈሏን ሳይሆን ለማን እንደምታካፍል መምረጧን ነው የነፈግናት። ክፍሉ ወጣ። ገበያውም አብሮ ወጣ።

ፕሌይ ስቶር

በዜንደር ማሠራጨት የት እንደሚያደርስ ካየን በኋላ ፕሌይ ስቶር ለመግባት ተወሰነ። አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር አለ፤ ውጭ ያለ ዘመድ ከፈለ። አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ደግሞ አፑን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በዝግ ሙከራ ውስጥ መቆየት አለባቸው። 17 ሴቶች አሉን ብለን ተደላድለን ነበር። ነገር ግን የብዙዎቹን ጂሜይል የከፈተላቸው ስልኩን የሸጠላቸው ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን አያውቁትም። የአካውንት ማስተካከሉ ሥራ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በትክክል በ12 ሰው ጀምረን በዘጠነኛው ቀን አንዷ ስልክ ስትቀይር ከሙከራው ወጣችና ቀኑ እንደገና ከአንድ ተቆጠረ። ሁለተኛውን ዙር በ15 ሰው ጀመርን። ግንቦት 2017 ላይ አፑ ወጣ።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ሌላ አፕ ለሚሠራ ሰው መጀመሪያ የምነግረው፣ አሁን ችግሩን ሰዎች በምን እየፈቱት እንደሆነ ፈልግ የሚለውን ነው። ሽምብራ፣ ክብሪት፣ የደብተር ጥግ ያለበት ቦታ እውነተኛ ችግር አለ፤ ሰው ለማይቸግረው ነገር ሽምብራ አይለቅምም። አይተህ ስታበቃ ደግሞ ሽምብራውን ከመርፌ ቁልፉ ለይ። ሽምብራውን አፕ ይተካዋል፤ መርፌ ቁልፉን አይተካውም።

ጨዋነት በሚከበርበት አገር ጥያቄ አስሞልቶ እውነት ማግኘት ከባድ ነው። ምርቃት መረጃ አይደለም። ሲሠሩ ማየት፣ አፑ ከተከፈተ ስንት ቀን እንደሆነ መቁጠር፣ የጠፋውን ሲጠይቁ ማዳመጥ ይሻላል። የሳላይሿ ሴት ስለ ኮፍያው የነገረችን ከአራት ወር በኋላ ቡና ላይ ነው።

በቴክኒኩ በኩል፣ ከሽምብራ ያነሰ አስተማማኝ የሆነ አፕ አይሰጥም። እያንዳንዷ ንክኪ ወዲያው ትመዝገብ። የመፈረሚያ ቁልፉ የመጀመሪያው ፋይል ከቤት ከመውጣቱ በፊት ይወሰን፤ «ለጊዜው በዚህ እንላከው» የተባለው ፋይል ነው ሰው ስልክ ላይ ዓመት የሚቆየው። የሙከራ ሰዎችን ከሚፈለገው ቁጥር በላይ ያዙ፤ ጂሜይላቸውንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ያለበት

ከ17ቱ ሴቶች 13ቱ በየሳምንቱ ይከፍቱታል። እናትየው አፑንም ሽምብራውንም ይዘዋል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚያምኑት ሽምብራውን ነው፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ ሽምብራው ልክ ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ የድምፅ ቁልፉ ሳይታወቅ ተጭኖ ነው። ቁልፉ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተጫነ ስልኩ እንዲንቀጠቀጥ ተደርጓል።

ከደሴዎቹ የመጣው ጥያቄ የክሩን ወረቀት ፎቶ የሚይዝ ቦታ ነበር፤ እሱ ገብቷል። አንድ ዓይነት ቀለም ቢሆንም በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር ጎን ለጎን ሲሠራ ልዩነቱ ይታያል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የማቅለሚያ ቁጥር የያዘች ሴት ሱቅ ሄዳ ተመሳሳዩን መጠየቅ ትችላለች፤ ብዙዎቹ ወረቀቱን የሚጥሉት ልቃቂቱን የከፈቱ ዕለት ነው። ከኮምቦልቻዎቹ የመጣው ገና ነው። የዓይን ቁጥሩን አፑ የሚያሰላው ለክብ ሥራ ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ ሙሉና ባዶ አራት ማዕዘን እየተፈራረቀ አበባና ወፍ የሚወጣበትን ዳንቴል ይሠራሉ። ለዚያ የሚያስፈልገው ቆጣሪ ሳይሆን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ የደረሱበትን ረድፍ የሚያሳይ መስመር ነው። ልጁ በዚህ ሰሞን እሱን እየሠራ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሦስቱ የፈረቃ ሠራተኞች ጋር ቁጭ ብሎ ያሳያቸዋል።